የስፌት ክፍሏ ዋኖስ

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

ከሥራህና ከሩጫህ ጋር እንዴት ከርመህልኛል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ አባባም ልብስ ስፌታቸውን አላቋረጡም።

አዲስ ነገር ብትለኝ፣ የስፌት ክፍሉ መስኮት ላይ ወፍ ጎጆ ሠርታለች። ጎጆ ከተባለ ነው እንግዲህ፣ እፍኝ የማትሞላ ጭራሮ ነች። ሁለት ነጭ እንቁላል ጥላለች፤ ቀን ቀን ወንዱ ይታቀፋል፣ አመሻሽ ላይ እሷ ትተካዋለች። እኔ የቤት ርግብ ናት ብዬ ድርቅ አልኩ። አባባ ግን «የዱር ዋኖስ ናት» አሉ።

«እስቲ ማጅራቷን እዪልኝ፤ ጥቁር መስመር አላት?»

ወፏ ከስፌት መኪናቸው አንድ ክንድ አትርቅም። «አላት» አልኳቸው።

«በይ አሁን ዝም ብለሽ ስሚ። ድምጿን ሦስት ቦታ ትከፍለዋለች፣ መሀሉን ትጎትተዋለች።»

እውነትም እንዳሉት ሆነ። ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ «የወፍ ሊቋ» እያሉ ሲስቁብኝ ይውላሉ። ደስ ብሏቸዋል፤ እኔም ደስ ብሎኛል።

ጠዋት ከመውጣቴ በፊት አሥር መርፌ ላይ ክር አስገብቼ እሰካላቸዋለሁ፤ ጥቁሩን በቀኝ፣ ነጩን በግራ። ጊዜ ይቆጥባል ይላሉ።

ፎቶህ ደርሶናል። «አምሮበታል» ብለው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ጢም ማሳደግህን የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

ጫጩቶቹ ሳይበሩ ብትደርስ እንዴት ጥሩ ነበር። ስትመጣ ግን እንደ ልማድህ ድምፅህን አጥፍተህ በሩ ላይ አትቁም። ከደጅ ጀምረህ አውራ፤ ሁለት ቃል ይበቃቸዋል።

በደህና ያገናኘን።
ናፋቂ እህትህ