እናቴ የማትጠራው የከተማ ስም

ሰኞ

የትምህርት ቤታችንን ግድግዳ ሳየው ደሜ ፈላ። የታሪክ መምህሩ ዳዊት ለወላጆች በዓል የከተማውን ስሞች በትልልቁ አስቀብቷል፦ «በመጀመሪያ የላይ ገበያ፣ ቀጥሎ ዋቸሞ፣ ዛሬ ሆሳዕና»። ዋቸሞና ሆሳዕናን ማንም ያውቃል። «የላይ ገበያን ከየት አመጣኸው?» ስለው ደስ ብሎት «ከእናትሽ!» አለኝ። እኔ በሌለሁበት ቤት ሄዶ፣ «ከሆሳዕና በፊት ከተማው ምን ይባል ነበር?» ብሎ ጠይቋታል። በቃ፣ አዲስ ግኝት! መምህራን ክፍል ውስጥ ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነው፤ እኔን ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት?

እማዬ ዋቸሞ የማትለው ሳታውቀው ቀርታ አይደለም። የአባቴ አባት ስሙ ዋዴሎ ነው። እሷ የከምባታ፣ የአንጋጫ ሴት ናት፣ ባሊሻ የሚባለውን ወግ ትጠብቃለች። ያገባች ሴት የአማቷን ስም አትጠራም፤ በስሙ መጀመሪያ ፊደል የሚጀምር ቃልም ከአፏ አይወጣም። አያቴ ከሞተ ስንት ዘመኑ፣ እሷ ግን ወይ ፍንክች! ገበያ ላይ እንኳ «ስንት ነው?» እንጂ «ዋጋው» አትልም። ዋቸሞም በ«ዋ» ስለሚጀምር ለከተማው «የላይ ገበያ» የሚል የራሷን ስም አወጣችለት። ታሪኩ ይኸው ነው።

ማክሰኞ

ይታረም አልኩ። ርዕሰ መምህሩ «ቀለም አልቋል፣ ከበዓሉ በኋላ እናየዋለን» አሉኝ። ለካ የግድግዳው ፎቶ ከእማዬ ስም ጋር ፌስቡክ ላይ ወጥቷል። እግዜር ይይላቸው!

ረቡዕ

ኮሜንቱን ባላነበብኩት ጥሩ ነበር። «ከከምባታ መጥታ የከተማችንን ስም ልታጠፋ!» «ጠልታው ነው የማትጠራው።» ጠልታው! እዚህ ወልዳ፣ እዚህ ባሏን ቀብራ! የገዛ አያቶቻቸው ይህንኑ ሲያደርጉ አላዩም? ስልኬን ግድግዳ ላይ ልፈጠፍጠው ምንም አልቀረኝ። ለእማዬ አልነገርኳትም።

ዓርብ

ሌላ ሰው ነገራት። ልቅሶ ቤት አጠገቧ የተቀመጠች ሴት ተነስታ ቦታ ቀየረች አሉ። ማታ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ሎምቤቦ መጡ። «እሁድ በዓሉ ላይ የከተማውን ስም አንዴ ይጥሩትና ነገሩ ይብረድ» አሉ። «ጋሼ፣ እርስዎ እያወቁ!» ብዬ ጮህኩባቸው። «የኔም ሚስት ትጠብቃለች፤ የዛሬ ልጆች ግን ምን ያውቃሉ? አንድ ቃል ናት» አሉ። አንድ ቃል! ታዲያ የራሳቸውን ሚስት ለምን አያስጠሯትም?

እማዬ «እመጣለሁ» ብቻ አለች።

እሁድ

አዳራሹ ጢም ብሏል። ማይኩን ሰጧት። ብትጠራው እኔ እንደምፈርስ፣ ባትጠራው ደግሞ ሰፈሩ እንደማይምራት አውቃለሁ።

«አማቴ ደግ ሰው ነበር» አለች። «አራስ ሳለሁ ወተት ይዞልኝ የሚመጣው እሱ ነበር። ስሙን አልጠራም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ የቤቱ ልጅ ነሽ፣ ላንቺ ነውር የለውም። አንቺ ጥሪው።»

ተነሳሁ። «አያቴ ዋዴሎ! ከተማው ዋቸሞ!» ብዬ አምባረቅሁ። ከኋላ ያሉት አሮጊቶች «እሰይ!» አሉ። አንዷም ብድግ ብላ «እኔስ መቼ ጠርቼው አውቃለሁ! የኔም አማት ስም አያስጠራኝም» አለች። ጋሽ ሎምቤቦ መሬት መሬት ያያሉ። ዳዊት ይቅርታ ሊለኝ መጣ፤ አልመለስኩለትም። ትንሽ ይቆየው።

ባጃጅ ውስጥ «እማዬ፣ ከብዶሽ አያውቅም?» አልኳት።

«አባትሽ የሞተ ጊዜ» አለችኝ። «ሴቶቹ ሁሉ የአባቱን ስም እየጠሩ አለቀሱለት። እኔ ሚስቱ ብቻ ሳልጠራ አለቀስኩ።»

እጇን ያዝኩ።