ጣውላው ሲነሳ

ሰኔ፣ ሰኞ
የኮሪደሩን የጣውላ ወለል ሊነቅሉት ነው። ዛሬ በስብሰባ ተነገረን። አሮጌው ሕንፃ ዘመናዊ መማሪያ ይሆናል፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ በየክፍሉ ፕሮጀክተር። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ፕሮጀክተሩ ለዓይነ ስውር መምህር ምን እንደሚፈይድ እንጃ።

ያንን ኮሪደር የማውቀው በድምፁ ነው። ሦስተኛው በር ጋ ያቃስታል። ደረጃው ጋ ይደልቃል። ወይንሸት ከሥራ ወጥታ ልትወስደኝ ስትመጣ ከዋናው በር ጀምሬ እሰማት ነበር፤ ቀኝ እግሯን ጎተት ታደርግ ነበር። የሚስቴን መልክ አይቼው አላውቅም። ያንን እግር ግን ከሺህ እለየዋለሁ። ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። እስከ ዛሬ ክፍል ሲያልቅ ጆሮዬን ወደ ኮሪደሩ አደርጋለሁ። ሞኝነት ነው፤ አውቃለሁ።

ማክሰኞ
ጣውላውን እንዳይነቅለው የግንባታውን ፎርማን ለመንኩት። ደረጄ ይባላል፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። «መምህር፣ ሥሩ በስብሷል እኮ። ተማሪ ይዞ ቢወርድ ማን ይጠየቃል?» አለኝ። እውነቱን ነው። ያናደደኝም እውነት መሆኑ ነው።

ሐሙስ
መንቀል ጀመሩ። ሚስማሩ ሲወጣ ይጮኻል። ራሴን አሞኛል ብዬ ትምህርቱን አቋርጬ ወጣሁ። ራሴን አላመመኝም።

ደረጄ አንድ ቁራጭ ጣውላ ሰጠኝ። ልጄ ብሌን ተሸክማልኝ የካራ ታክሲ ያዝን። ረዳቱ «ይሄስ ይከፍላል?» ብሎ ቀለደ። ሳሎን አስቀምጬ ረገጥኩት። ምንም የለም። ደግሜ ረገጥኩት። ለካ ድምፁ የእንጨቱ አልነበረም፤ ከሥሩ ያለው ባዶ ቦታ ነበር። ብሌንን «አውጪልኝ» አልኳት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ሶፋው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ጥቅምት፣ ሰኞ
ክረምቱን ሲሠሩት ከርመው ዛሬ ገባንበት። ቀለም ቀለም ይሸታል። የዱላዬ ድምፅ ሴራሚኩ ላይ የትም ቦታ አንድ ዓይነት ነው። አንዱን ክፍል የእኔ ነው ብዬ ገብቼ ታሪክ ማስተማር ጀመርኩ። በጣም ከቆየሁ በኋላ አንዲት ልጅ ቀስ ብላ «ይቅርታ መምህር፣ እኛ የሒሳብ ተማሪዎች ነን» አለች። ይሉኝታ ይዟቸው ዝም ብለው ሲጽፉልኝ ቆይተዋል። ስቄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ኮሪደሩ ላይ ስደርስ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ወዴት እንደምዞር አላወቅኩም።

ማክሰኞ
ክፍል ጨርሼ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።
«አባዬ» አለች ብሌን፣ እዚያው አጠገቤ። ደነገጥኩ።
«መቼ መጣሽ?»
«ቆየሁ እኮ። ስታስብ አይቼህ ዝም አልኩ።»
በዚያ ኮሪደር ሰው ሳልሰማው መጥቶብኝ አያውቅም። ያኔ ነገርኳት፤ የእናቷን አረማመድ፣ ጣውላውን ለምን እንዳስወጣሁት። ክንዴን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። እስከ ግቢው በር ድረስ አልለቀቀችውም። ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ ይበርድ ነበር።

ታክሲ ውስጥ «ነገ ከዋናው በር ጀምሬ እየጠራሁህ ልምጣ?» አለች።
«ሰው ይስቅብሻል።»
«ይሳቃ።»

ይኸው ይህችን ማስታወሻ በብሬል ነጥብ በነጥብ እየወጋሁ ስለ ነገ አስባለሁ። ከሰዓት በኋላ ክፍል አለኝ። እስቲ እናያለን።