የብርብራ ዱቄት

ነቀምት፣ በከኒሳ ቀሴ
መጋቢት 20 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለልጄ ለተረፋ ፉፋ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ጤንነቴን ጠይቀሃል፤ ደህና ነኝ። የአንተን መጠየቅ ወግ ነበር፤ ነገር ግን ደህና መሆንህን ከአጻጻፍህ አይቻለሁ። የከፋው ሰው እንዲህ በደስታ አይጽፍም።

የመጀመሪያው ገጽ ስለ ዓሣ ነው። የጮመን ረግረግ ተገድቦ ሐይቅ ከሆነ ወዲህ የለቀቃችሁት ቀረሶ እንደተራባ፣ አምባዛው ግን የረግረጉ የጥንት ነዋሪ ስለሆነ ጫጩቱን እየለቀመ እንዳስቸገራችሁ፣ ጥልቁ ውሃ ባዶ ሲሆን ሣር ያለበት ዳርቻ ግን ዋና መራቢያው እንደሆነ ጽፈሃል። የግድቡ ፈረንጆች እሑድ እሑድ ዘንግና መንጠቆ ይዘው እየመጡ ነው ብለሃል። ነገ ደግሞ ከአዲስ አበባ ሳይቀር ሰው ለመዝናናት እየመጣ የሚያጠምድበት ማረፊያ ይሠራል፤ ኃላፊው አንተ ትሆናለህ። ይሁን። ይህን ተምረህበታል፤ እኔ ስለ ዓሣ አልከራከርህም።

ገጹን ስገልጠው ደግሞ፣ በዚያው ቀለም፣ በዚያው ደስታ፣ "በሣሩ ዳርቻ ብርብራ እየበተነ ዓሣችንን የሚጨርስ አንድ ሽማግሌ አስይዣለሁ፤ ታውቂዋለሽ፣ የአባቴ ጭሰኛ የነበረው ዱቤ ነው" ትላለህ።

አዎን፣ አውቀዋለሁ። አንተም ታውቀዋለህ። ትኩሳት ይዞህ መራመድ ሲያቅትህ ሐኪም ቤት ድረስ በትከሻው የተሸከመህ ሰው ነው። "አንድ ሽማግሌ" ትለዋለህ።

ደብዳቤውን ማንም አላነበበልኝም። ፊደል የቆጠርኩት አንተ ስታጠና ከኋላህ ተቀምጬ ነው፤ ስለዚህ የጻፍከው ሁሉ በትክክል ገብቶኛል። ያመጣልኝ ባለሱቁ ረዲ ነው፤ የሰፈሩ ፖስታ ዛሬም በሱቁ በኩል ነው የሚደርሰን።

"አዴ ድንቅነሽ፣ ልጅሽ ሐይቁን ዓሣ ከሞላው የእኔን ሰርዲን ማን ሊገዛኝ ነው?" አለኝ።

"እስከ ዛሬስ ማን ገዛህ?"

"ፈረንጅና ተማሪ።"

"እንግዲያው እነሱን ለምናቸው።"

ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ገና ፖስታውን አልቀደድኩትም ነበር።

በማግስቱ ወለቴ መጣች፤ የዱቤ ሚስት። አውቶቡሱ ጉቴ ላይ ተበላሽቶ ከዚያ በእግሯ ነው የመጣችው። በሩ ላይ ቆመች።

"አካም ቡልቴ፣ ወለቴ?" አልኳት።

"ነጋ አይደለም" አለች።

ሰው ቤቱ እየተቃጠለ እንኳ "ነጋ"፣ ሰላም ነው፣ ብሎ ነው የሚመልሰው። እንዲህ ያለ መልስ ከተወለድኩ ጀምሮ ሰምቼ አላውቅም።

"ግቢ፣ ተቀመጪ። ደክሞሻል።"

"ቆሜ ይበቃኛል። ልጅሽ ዓሣ ሲቆጥር ይውላል አሉ። ዱቤን ከሰው መቁጠር አቅቶት ነው?"

"ወለቴ፣ እኔ እኮ አላሳሰርኩትም።"

"አንቺማ ምን አድርገሽ ታውቂያለሽ? ዝምተኛ ሴት ነሽ፤ አገር ያመሰግንሻል።" ወደ ግቢው ዞረች። "ብርብራ በደጁ ተገኘ ይላሉ። የብርብራ ዛፍ በማን ደጅ የለም? ይኸው ቡናሽ የተጠለለው በምኑ ነው?"

ወደ እስር ቤቱ ስንቅ ይገባለት እንደሆነ ጠየቅኋት።

"ይገባል። አይበላውም እንጂ። ደረቱን ይዞት ያስላል፤ ሲሚንቶ ላይ ነው የሚተኛው። ወደዚህ ስነሣ ምን እንዳለኝ ልንገርሽ? 'ለድንቅነሽ እንዳትነግሪያት፣ ትጨነቃለች' አለኝ። እኔ ግን እንድትጨነቂ ብዬ መጣሁ።"

ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ሄደች። በሯ ላይ መጥተው ውሃ የማይጠጡላት ሴት ምን እንደሆነች አንተ አታውቅም፤ ዓሣ ስትማር ይህን አላስተማሩህም።

እንግዲህ ወደ ክሱ ልምጣ። ዓሣውን መርዞ እንደሆነ እኔ አላየሁም። ውሃው እርሻውን ስለወሰደበት ርቦት አድርጎት ይሆናል፤ አላደረገውም ይሆናል። ለዚህ ዳኛ አለ። እኔን ያንገበገበኝ ከሥሩ የጨመርከው ነው፤ "ይህ ሰው ከዚህ ቀደም በዚሁ መርዝ የሰው ሕይወት አጥፍቶ የታሰረና የደም ካሣ ጉማ የከፈለ ነው" የሚለው። ይህን አስገብቼበታለሁና ቅጣቱ ይከብድበታል ብለህ በኩራት ጻፍክልኝ። ያን ጊዜ አንተ በጀርባዬ ላይ የምትታዘል ልጅ ነበርክ። ሰዎች ነገሩኝ ትላለህ። እናት እያለችህ ሰዎችን ጠየቅህ።

ጉማ ተከፍሎበት ሽማግሌ የዘጋውን ደም መልሶ በአደባባይ ማንሣት በአገራችን ነውር መሆኑን ሳታውቅ ቀርተህ አይመስለኝም። የሞተው ሰው ስም እንኳ ከዚያ በኋላ በሁለቱ ቤት መካከል አይጠራም። ደንቡ ይህ ነው። አንተ ለጥቂት ቀረሶ ብለህ ደንቡን ጣስህ። ደብዳቤውን አንብቤ እንደጨረስኩ በዚህ ብቻ ልቆጣህ ነበር። ወረቀት አውጥቼ ጀመርኩ፤ ቀደድኩት። ያ ደንብ ለሌላ ሰው መጠጊያ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ይህን ያህል ዘመን ቤት አድርጌ ኖሬበታለሁና በእሱ ስም አንተን መቆጣት አልሆነልኝም።

ሰዎቹ የነገሩህን እኔም ልንገርህ።

ሁዳዴ ነበር። ገብረኪዳን የሚባል ዳኛ ከሸዋ አዲስ ተሹሞ መጥቷል፤ ጾሙን በዓሣ መያዝ የለመደ ሰው ነው። በእኛ መንደር ዓሣ የሚበላ አልነበረም፤ የእባብ ዘመድ ነው ይሉታል። አባትህ ደግሞ በዳኛው ፊት የወሰን ክርክር ነበረው። ዓሣው ከየትም ብሎ ከዳኛው ማዕድ መድረስ ነበረበት። በጋ ስለሆነ ወንዙ ቀንሶ ጥልቁ ኩሬ ብቻ ቀርቷል። የብርብራው ፍሬ ደርቆ ተወቀጠ፤ ዱቄቱ በስልቻ ተይዞ ከኩሬው ራስ ላይ ተበጠበጠ። ጥቂት ቆይቶ ዓሣው ነጭ ሆዱን እየገለበጠ ተንሳፈፈ። መንደሩ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም፤ ልጆች እየጮኹ ለመልቀም ገቡ። የኦቦ ጆቴ ልጅ ከሁሉ ፊት ነበረች። ዓሣው ወደ መካከል ሲሄድባት ተከተለችው፤ ከዚያ አልታየችም።

ዱቤ ያን ቀን ማሳ ላይ ነበር፤ ከበሬዎቹ ጋር። አባትህ ወደ ማሳው ወርዶ አነጋገረው። ሁለቱ አብረው ሲመለሱ ዱቤ ለተሰበሰበው ሰው "እኔ ነኝ" አለ። የሚያርሰው መሬት የአባትህ ነው፤ የተኛበት ጎጆ የአባትህ ነው። ሌላ ምን ይበል? ታሰረ። ሲወጣ በሬውን ለጉማ ነዳ። አባትህም አንዲት ጊደር ጨመረለት፤ አገሩ ሁሉ "ፉፋ ለጭሰኛው የሚያዝን ሰው ነው" አለ። የወሰኑንም ክርክር አባትህ ረታ። የተማርከው በዚያ መሬት ነው።

"የረግረጉን የድሮ ዓሣ አጥማጆች ታሪክ ልጽፍ ነው፤ አባቴ በመንጠቆ ያጠምድ እንደነበር የምታስታውሺውን ላኪልኝ" ብለሃል። አባትህን መንጠቆ ይዞ አላየሁትም።

ሌላም ነገር ልንገርህና ይብቃኝ። ብርብራ ስትወቅጥ ዱቄቱ ይነሣል። አፍንጫህን ብትሸፍን ዓይንህን ያገኝሃል፤ በእጅህ ስታሸው ይብስበታል፤ ቀልቶ ያብጣል፤ ለቀናት እንባው አይቆምም። ዱቤ "እኔ ነኝ" ሲል ዓይኑ እንደ ሕፃን ዓይን ንጹሕ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሽማግሌ ዓይኑን ያየለት አልነበረም። እኔ ነጠላዬን አፌ ድረስ ተከናንቤ ለቅሶ ቤት ተቀመጥኩ። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው "ድንቅነሽን ተመልከቱ፤ ከእናቲቱ ይልቅ አለቀሰች፤ ዓይኗ ጠፋ" ይባባሉ ነበር። የልጅቷ እናት ተነሥታ መጥታ አቀፈችኝ፤ አጽናናችኝ። ወለቴም እዚያ ነበረች። እሷ አላቀፈችኝም።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሰው ደግ ሲለኝ እነሣና ሥራ እፈልጋለሁ።

ግድቡ ተዘግቶ ውሃው ያን መንደር ዋጠው ሲሉኝ ምን እንደተሰማኝ አልጽፍልህም። ኩሬውም፣ ማሳውም፣ ለቅሶ የተቀመጥንበት ግቢም ዛሬ ከዓሣህ ሥር ነው። አለቀ ብዬ ነበር። አንተ ግን ለመርዘኛ ተጨማሪ ወንጀል ስትፈልግ ከታች አወጣኸው።

አሁን የማዝዝህን ስማ። ስለ ዓሣው የከሰስከውን ዳኛ ይየው፤ ያንን አንሣ አልልህም። ስለ ልጅቷ የጨመርከውን ግን ሰኞ ችሎት ሳይሰየም ሄደህ በአፍህ ታነሣለህ። አለቆቼ ምን ይሉኛል፣ ማረፊያውስ ለሌላ ሰው ቢሰጥ እንዳትለኝ። ይስጡት። ባታነሣም እኔ ተነሥቼ እናገራለሁ፤ እዚያ ልጄ ተቀምጧል ብዬ አልመለስም። ከአውቶቡስ ልትቀበለኝ አትምጣ፤ ባኮ አድሬ ከጭነት መኪናው ጋር እደርሳለሁ። አንድ ነገር ብቻ ከሥልጣንህ እፈልጋለሁ፤ ችሎቱ ከመጀመሩ በፊት ዱቤን ለብቻው እንዳየው አስፈቅድልኝ። ዳኛው ከመስማቱ በፊት እሱ ከእኔ መስማት አለበት። "ትጨነቃለች" ያለኝን ሰው ቀና ብዬ ማየት ባልችልም እገባለሁ።

የሚከብደው ገና ነው። ለኦቦ ጆቴ ሰው ልኬአለሁ። ውሃው ሲያስነሣቸው ጊዳ አያና ገብተው ነበር፤ አርጅተዋል፤ ግን በሰው ተደግፈውም ቢሆን ይመጣሉ። የልጃቸውን ጉማ የተቀበሉት ደሙ ከሌለበት እጅ ነው። የዱቤን በሬ በሉ፤ ከዱቤ ጋር ታረቁ፤ እውነተኛውን ደመኛቸውን ግን በየገበያው ሲያገኙት አቅፈው ይስሙት ነበር። እንግዲህ ያ ዕርቅ ፈረሰ። ደሙ እኛ ቤት ነው ያለው። አባትህ ሞቷል፤ ከቤቱ የቀረኸው ወንድ አንተ ነህ። በደንቡ መሠረት ኦቦ ጆቴ ፊት ቀርበህ አንገትህን የምትደፋው አንተ ነህ። የማታውቀውን ጥፋት አሸከምኩህ ብለህ ብትረግመኝ መብትህ ነው፤ ግን ከቆምክ በኋላ ርገመኝ። ብትቀር ብቻዬን እቆማለሁ፤ የሴት እጅ አንቀበልም ካሉኝም እዚያው እቀመጣለሁ።

ጸሐፊህ ክሱ ላይ "አንዲት ሕፃን" ብሎ ጽፏል አልከኝ። ሰኞ ስትናገር እንዲህ እንዳትል። ደራርቱ ትባላለች። ደራርቱ ጆቴ። ፀጉሯን እኔ ነበርኩ የምሠራት።

በልጅነትህ እንደማደርገው ግንባርህን ስሜ ብመርቅህ ደስ ባለኝ፤ እጄን አላምነውም። ከሩቅ ልመርቅህ፤ እግዚአብሔር የሐይቅህን ዓሣ ያብዛልህ፤ እሱ ምንም አላጠፋም። ለአንተም በሰው ፊት የሚቆም ጉልበት ይስጥህ፤ ከእኔ አልወረስከውምና።

እናትህ ድንቅነሽ