ዐሥራ አንድ ሺህ ቃል የጠበቁት የአቶ ቢሆነኝ ያረጋል የሕይወት ታሪክ

አቶ ቢሆነኝ ያረጋል መጋቢት 12 ቀን 1968 ዓ.ም. በቋሪት ወረዳ፣ ዛሬ አስከሬናቸው በሚያርፍበት በገበዝ ማርያም፣ ከአባታቸው ከአቶ ያረጋል እንድሪያስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሀብትነሽ ሸጋዬ ተወለዱ። ከእሳቸው በፊት የተወለዱ ሁለት ልጆች በሕፃንነታቸው ስላረፉ እናታቸው “ይኼኛው እንኳ ቢሆነኝ” ብለው ስም አወጡላቸው።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በትውልድ ቦታቸው ተከታትለው፣ ለሁለተኛ ደረጃ ወደ ፍኖተ ሰላም ወረዱ። ከሦስት የአገራቸው ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ በየሁለት ሳምንቱ ከቤት የሚላክላቸውን ስንቅ እየተካፈሉ ተማሩ። በ1987 ዓ.ም. ማትሪክ ተፈትነው ውጤት አልመጣላቸውም። አባታቸው “መሬቱ እዚህ አለ፣ ግባ” ቢሏቸው፣ “አባባ፣ አንድ ዓመት ይስጡኝ፤ ካልሆነልኝ እመለሳለሁ” ብለው ወደ ቡሬ ሄዱ። በዚያ በአንድ የወፍጮና የውሃ ፓምፕ ጥገና ቤት ዕቃ በናፍጣ በማጠብ ሥራ ጀመሩ። ስምንት ዓመት ሲሠሩ፣ አንድ የመሽከርከሪያ ኩሽኔታ ወይም ውሃ እንዳያፈስ የሚያሽግ ጓርኒሲዮን የየትኛው ፓምፕ እንደሆነ ዐይናቸውን ጨፍነው በእጃቸው ዳሰው የሚለዩ ሆኑ።

በ1995 ዓ.ም. ፓምፕና መለዋወጫ ከውጭ እያስመጡ የሚሸጡት አቶ እንዳለው፣ ዋና ሱቃቸው አዲስ አበባ ሆኖ ቡሬ ላይ ቅርንጫፍ ሲከፍቱ፣ አቶ ቢሆነኝን የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ አድርገው ቀጠሯቸው። በተከታዩ ዓመት ከወይዘሮ ምሥራቅ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው፣ ናሁሰናይ የተባለ ወንድና ውዳሴ የተባለች ሴት ልጅ አፈሩ።

በ2006 ዓ.ም. ድርጅቱ ድረ ገጽ ሲያወጣ አቶ እንዳለው “የዕቃውን ስም ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ማስታወቂያውን ያዝልኝ” አሏቸው። አቶ ቢሆነኝ በዚያን ጊዜ ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም ነበር። ያገለገለ አንድ ገዝተው፣ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ከጎን አስቀምጠው፣ በአንድ ዓመት ከስድስት ወር ራሳቸውን አስተማሩ።

ሥራቸው ምን እንደነበር ለብዙ ወዳጆቻቸው ግልጽ ስላልነበር እዚህ ላይ መናገር ይገባል። አንድ ገበሬ ፓምፑ ሲበላሽበት ስልኩን አውጥቶ “ፓምፕ ውሃ አልስብ አለ” ብሎ ኢንተርኔት ላይ ይፈልጋል። በዚያች ቅጽበት ዕቃውን የሚሸጡ ነጋዴዎች፣ ማስታወቂያቸው እንዲታይላቸው በዚያ ቃል ላይ ይጫረታሉ። ነጋዴው የሚከፍለው ፈላጊው ማስታወቂያውን ሲነካ ነው፤ ነክቶ ሳይገዛ ቢወጣም ይከፈላል። ስለዚህ ለየትኛው ቃል ስንት መጫረት እንደሚያዋጣ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። አቶ ቢሆነኝ የያዙት ዝርዝር የፓምፑ ዓይነት፣ የመለዋወጫው ስም፣ የብልሽቱና የከተማው ስም እየተጣመረ ዐሥራ አንድ ሺህ ቃል ደርሶ ነበር። የዕድር ጓደኞቻቸው “ቢሆነኝ እንግዲህ ነገር ነጋዴ ሆነ” እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እናታቸውም ለጠየቃቸው ሁሉ “ልጄ ቃል ይጫረታል አሉኝ፤ እኔም አልገባኝ፣ ብቻ ሌባ አይደለም” ይሉ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. መባቻ የደረሰባቸውን ራሳቸው ሳያፍሩ ያወሩት ስለነበር እኛም አንደብቀውም። በክረምቱ ዝርዝሩን ሲመረምሩ ሰባት ሺህ ያህሉን ቃል ለሦስት ወር አንድም ሰው ሳይነካው አገኙት። ያልተነካ ቃል እንደማያስከፍል እያወቁ፣ “ሥራ ፈት ምን ያደርግልኛል” ብለው ሰረዙት፤ ለታወቁት ቃላትም ዋጋ ጨመሩ። በክረምት ደግሞ ዝናብ እያለ ማን ፓምፕ ይፈልጋል? ኅዳር ሲገባ የቆጋ መስኖ አካባቢውም የሌላው አገሩም ሽንኩርት ተካይ ውሃ መሳብ ጀመረ። “ፓምፕ” በሚለው ቃል ላይ ነጋዴው ሁሉ ተረባርቦ ዋጋው ጣራ ነካ፤ የሚነካው ብዙ፣ የሚገዛው ጥቂት ሆነ። የአንዱን ፓምፕ የአንዷን ጓርኒሲዮን ስም ጠርቶ የሚፈልገው፣ ሊገዛ የቆረጠው ሰው፣ ሱቁን አጣው። አቶ እንዳለው ደውለው “አንተ የቋሪት ልጅ፣ የበጋን ሥራ በክረምት ትመዝናለህ?” አሏቸው። አቶ ቢሆነኝ ምክንያት አልደረደሩም። “ጥፋቱ የእኔ ነው” ብለው ሰባቱን ሺህ ቃል በሃያ ሁለት ቀን አንድ በአንድ መልሰው አስገቡ።

ቃላቱ ተመለሱ፤ ግን ለያንዳንዱ ምን ዋጋ ይሰጠው? ሦስት ሰው ነክቶት ማንም ያልገዛበትን ቃል መጥፎ ነው ማለት አይቻልም፤ ጥሩ ነው ማለትም አይቻልም። መልሱን ያገኙት እዚሁ ገበዝ ማርያም ነው። የዚያን ዓመት ታኅሣሥ አባታቸው ስለታመሙ አዝመራ ሊያስገቡ መጡ። ስድስት ቤት በወንፈል ተሰባስቦ፣ አንዱ ቤት ብቻውን በወር የማይጨርሰውን ገብስ በተራ ሲያነሣ ዋለ። ማታ ለባለቤታቸው ስልክ ደውለው “ምሥራቅ፣ ቃሎቹን ወንፈል ላገባቸው ነው” አሏቸው። ወይዘሮ ምሥራቅም “ገብሱንስ ጨረስክ?” ብለው እንደመለሱላቸው ዛሬም ያስታውሳሉ።

እንዳሉትም አደረጉ። ብቻቸውን ምንም የማይናገሩትን ቃላት በዘመድ በዘመዳቸው ሰበሰቡ፤ የአንድ መለዋወጫ ስሞች በአንድ ላይ፣ የአንድ ብልሽት ስሞች በአንድ ላይ። መላው ቡድን ከመቶ ነኪ ስንት ገዢ እንዳመጣና ከአንድ ገዢ ምን እንደተረፈ አይተው፣ ለቡድኑ በጋራ አንድ ዋጋ ቆረጡ፤ ከዚያ በላይ አይጫረቱም። አንድ ቃል መቶ ሰው ነክቶት የራሱን ጠባይ ሲያሳይ “ጎጆ ወጣ” ብለው ለብቻው ዋጋ ይሰጡታል። የበጋው ከበጋ፣ የክረምቱ ከክረምት ጋር ብቻ ይመዘናል። ጎጆ የወጡትን ሁለት መቶ ያህል ቃላት በየቀኑ ያያሉ፤ ቡድኖቹን ግን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቅዳሜ ጠዋት ብቻ። ቅዳሜ በብዙ ከተማ የገበያ ቀን ስለሆነ፣ ገበሬው ከተማ ገብቶ ስልኩን የሚከፍትበት ቀን ነው። “ዐሥራ አንዱንም ሺህ በየቀኑ ልጠብቅ ያለ የእኔን ደመወዝ ለቃሎቹ ይከፍላል” ይሉ ነበር። በተከታዩ በጋ በዚያው ወጪ የገዢው ቁጥር በሲሶ ጨመረ። አንድ ባልደረባቸው “ምነው ማስታወቂያችን ሁልጊዜ ሦስተኛ ላይ?” ብሎ ቢያሾፍባቸው “የፊተኛውን ወንበር የሚከፍልበት ይቀመጥበት፤ እኛ ለክብር አልመጣንም፣ ልንሸጥ ነው የመጣነው” አሉት።

በ2010 ዓ.ም. ወይዘሪት ያምሮትን፣ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ሥራ ያጣችን ልጅ፣ ረዳት አድርገው ሥራውን ከሥሩ አስተማሯት። መጀመሪያ ስድስት ወር ኮምፒውተር አላስነኳትም፤ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እያነሣች ስሙን፣ ገዢው የሚጠራበትን ስም፣ ሲበላሽ የሚያሳየውን ምልክት እንድትናገር አደረጓት።

በ2012 ዓ.ም. ሁለቱም ኩላሊታቸው መድከሙ ታወቀ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በሳምንት ሁለት ቀን ከቡሬ ባሕር ዳር በሚኒባስ እየተመላለሱ ደማቸውን ሲያሳጥቡ አንድ ቅዳሜ ሥራ አልቀሩም።

ባለፈው ዓመት ማብቂያ ለአቶ እንዳለው፣ ማስታወቂያው ለአንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ቢሰጥና የቡሬው ቢሮ ቢዘጋ ወጪ ይቀንሳል የሚል ምክር ቀረበላቸው። ይህ ማለት ያምሮትና ሁለት የመጋዘን ሠራተኞች እንጀራቸውን ያጣሉ ማለት ነው። አቶ ቢሆነኝ አልለመኑም። “ዝርዝሩ ለሁለት ይከፈል፤ ከኅዳር 1 እስከ ጥር 30 እነሱ ግማሹን፣ እኛ ግማሹን እንያዝ። አንድን ገዢ በትንሽ ወጪ ያመጣ ሁሉንም ይውሰድ” አሉ። አድልዎ እንዳይኖር የቃላቱ ቡድን እንደ መሬት ድልድል በዕጣ ተከፈለ። ለቡሬ የደረሰው ዕጣ ያን ያህል የሚያስደስት አልነበረም፤ አቶ ቢሆነኝ ግን “ዕጣ ነው” ብለው ሥራቸውን ጀመሩ።

የሕመማቸውን ክብደት አቶ እንዳለው አያውቁም ነበር። ያምሮት “ጋሼ፣ እንዲህ መታመምዎን ብንነግራቸው እኮ ውድድሩን ይተውታል” ብላ ለመነቻቸው። አቶ ቢሆነኝም እንዲህ አሏት፦ “ለእኔ አዝነው ከመረጡን፣ እኔ ስሞት ኀዘኑም ያልቃል፣ አንቺም ትባረሪያለሽ። ሥራውን አይተው ከመረጡን ግን ሥራው አንቺ እጅ ነው ያለው። ዝም በይና የቅዳሜውን አዘጋጂ።”

በታኅሣሥ መጨረሻ እጃቸው መተየብ ሲያቅተው በቃል እየነገሯት እሷ ጻፈች፤ በጥር አጋማሽ እሷ እየወሰነች እሳቸው ራሳቸውን በመነቅነቅ ብቻ አጸደቁ። በመጨረሻው ሳምንት አልጠየቀቻቸውም፤ እሳቸውም አልነገሯትም። እስከ ሐሙስ ማታ በነበረው ቁጥር ሁለቱ ወገኖች እጅግ ተቀራራቢ ነበሩ።

አቶ ቢሆነኝ ያረጋል ዓርብ ጥር 27 ቀን 2014 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በተወለዱ በ45 ዓመት ከ10 ወራቸው፣ ቡሬ በሚገኘው ቤታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

አቶ እንዳለው መርዶውን ሲሰሙ እያለቀሱ ደውለው “ውድድሩ ይቅር፤ ቢሮው የቡሬ ነው” አሉ። ወይዘሮ ምሥራቅ “የሚመለከተው እሷን ነው” ብለው ስልኩን ለያምሮት ሰጧት። ያምሮትም “እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ እንዳለው፤ ግን ሰኞ ማታ ውድድሩ ሲያልቅ ቁጥሩን አይተው ይደውሉልኝ” አለቻቸው።

ዛሬ ጎሕ ሲቀድ አስከሬናቸው ከቡሬ ሲነሣ ያምሮት እስከ መንገዱ ሸኝታ፣ ሳጥኑን ስማ፣ ወደ ቢሮው ተመልሳለች። ዛሬ ቅዳሜ ነው። በአገራችን ከቀብር መቅረት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። በዚህ ሕዝብ መካከል ያላያችኋት ስለዚህ ነውና፣ ማንም እንዳይታዘባት የአቶ ቢሆነኝ ቤተሰብ በአደባባይ ይለምናል። እሳቸው ቢጠየቁ ከኛ ይልቅ የሚያመሰግኑት እሷን ነበር።

አቶ ቢሆነኝ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ ሀብትነሽ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ምሥራቅ፣ ልጆቻቸው ናሁሰናይና ውዳሴ፣ እንዲሁም በቡሬ በሥራ ላይ ያለችው ያምሮት በኀዘን ላይ ናቸው። ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ ለሸኛችሁልን ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል።

በዚህች ደጅ ተጠምቀው ወደዚህችው ደጅ የተመለሱትን ልጇን እመቤታችን ማርያም ትቀበልልን፤ የደከመ ሥጋቸው ይረፍ፣ ነፍሳቸው ከደጋጎቹ ማኅበር ትቆጠር። አሜን።