ለኤሊያስ የገዛሁት ኮምፒውተር

ሆሳዕና፣ ጥር 2007 ዓ.ም.

ልጄ ነህምያ፣ የሰላም አምላክ ባለህበት ይጠብቅህ። እናትህ በስተርጅና ጌም ቤት ከፈተች ያሉህ ሰዎች ተሳስተዋል። ኮምፒውተሩን የገዛሁት ለወንድምህ ለኤሊያስ ነው። የሠርግ ቪዲዮ ያቀናብርበታል፤ ሥራውን ሲጨርስ ጌም ቢጫወት አልከለክልም።

እሱም እንደ አንተ በሞያሌ በኩል ከአገር ሊወጣ ደላላ ጋ ተመዝግቦ ነበር። «ሥራ ካገኘሁ እቀራለሁ» አለኝ፤ ቃሉን ያዝኩ።

ዕቃውን ለየብቻ ገዝቶ ከማስገጠም ተገጣጥሞ የመጣውን መረጥኩ፤ ቢበላሽ የምጠይቀው አንድ ሰው ይሁን ብዬ ነው። ሻጩ ሙራድ የድሮ ተማሪዬ ነው። «ይሄ ሁሉን ይችላል» ሲለኝ፣ «በሬም ሳይጠመድ አይገዛም» አልኩትና ኤሊያስ የያዘውን የቤተ ክርስቲያናችንን መዘምራን ቪዲዮ እዚያው ሱቁ ውስጥ አስቀናበርኩት። የመጀመሪያው ኮምፒውተር መሃል ላይ ቆመ፤ ሁለተኛውም።

«ቲቸር፣ ዛሬም ፈተና ነው?»

«ዛሬም ነው። ሌላ አምጣ።»

ሦስተኛው ሳይቆም ጨረሰ! ኤሊያስ ካርቶኑን አቅፎ በባጃጅ ገባ፤ በዚያኑ ቀን ሻንጣውን ፈታ። አንዱ ልጄ ቀረልኝ።

እባክህ ደውልለትና «ደግ አደረግህ» በለው፤ ያንተን ቃል ይሰማል። ጌታ የእጅህን ሥራ ይባርክ፤ በሰላም ያገናኘን።

ነገ መጀመሪያ ለኮምፒውተሩ የአቧራ ልብስ እለካለሁ፤ ጨርቁን ልገዛ ስወጣም ደላላው ጋ ጎራ ብዬ የኤሊያስን ስም ዓይኔ እያየ አሰርዛለሁ።

እናትህ ጵርስቅላ