ከመሳቢያ ስለ ወጣው የልጄ ደብተር

ለመድኃኒት ማከፋፈያው ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ

እጅግ የተከበሩ ጌታዬ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና አዲሱ የቆዳ ወንበርዎ በሙሉ ጤንነት እንዲገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ በተለይ ዓይኔ ጤነኛ ስለ ሆነ ለልጄ የላኩላትን የዝውውር ደብዳቤ ያለ መነጽር አንብቤዋለሁ። በአንድ ገጽ ውስጥ «በራሷ ፈቃድ» የሚለው ሐረግ አራት ጊዜ መጻፉን ሳይ፣ ይህን ያህል የሚደጋግመው ፈቃዷን ያልጠየቃት ሰው ብቻ እንደ ሆነ ገባኝ።

ልጄ በመጋዘንዎ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራች የመድኃኒት ባለሙያ ናት። ካርቶኑን ሁሉ ሁለት ጊዜ ቆጥራ፣ ጽሑፉንም ሁለት ጊዜ አንብባ ስለምታስወጣ ባልደረቦቿ «ሁለቴ» ይሏታል። አሁን መጋዘኑን ለቃ በእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ እንድትቀመጥ፣ ለዚህም እስከ ሐሙስ እንድትፈርም አዘዋታል። ይህን ያህል ስላሰቡላት እያመሰገንሁ፣ ቅሬታዬን በተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፤ የቢዝነስ ኮቺንግ የሚባለውን ነገር ስላመጡ ምስጋናዬ የላቀ ነው። መጀመሪያ ስሰማ፣ የመድኃኒት ሀ ሁ የማያውቅ ሰው ልጄን ምን ሊያስተምራት ነው ብዬ ስቄ ነበር። ኋላ እንደ ተረዳሁት ግን አሠልጣኙ አያስተምርም፤ ይጠይቃል፣ ከዚያም ዝም ብሎ ያዳምጣል። በሳምንት አንድ ሰዓት በር ዘግተው ይቀመጣሉ፤ ምን እንደሚያስፈራት፣ ምን መለወጥ እንደምትፈልግ በራሷ እጅ በደብተር ትጽፋለች፤ አንዲት ትንሽ ነገር መርጣም እስከሚቀጥለው ሳምንት ትሞክራለች። ደብተሩ በአሠልጣኙ መሳቢያ ይቆለፋል። ከሁለቱ በቀር ማንም እንደማያየው፣ እርስዎ ራስዎ ሠራተኛውን ሰብስበው ቃል ሰጥተዋል።

ጥቅም አልነበረውም ብል እዋሻለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ ውሸት አልጀምርም። ልጄ በሁለት ወር ውስጥ የመጋዘኑን ቁልፍ ለረዳቷ ትታ ምሳዋን ተቀምጣ መብላት ጀመረች። ረዳቷን መቆጣት ትታ «አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» ማለት ለመደች፤ ረዳቷም የሚመሳሰሉ ካርቶኖች ጎን ለጎን እንዳይቀመጡ አዲስ አደራደር አመጣች። ለእኔም በየዕለቱ «እማዬ፣ ዛሬም ማንንም አልተቆጣሁ» ስትለኝ፣ ሙያውን ያወቀ ሰው ራሱንም ቢያውቅ ክፉ እንዳልሆነ አምኜ ተቀበልሁ።

ሁለተኛ፤ አሠልጣኙ ታሞ በቀረበት ሳምንት ትርፍ ቁልፍ አስመጥተው መሳቢያውን ስላስከፈቱ ትጋትዎን አደንቃለሁ። ሌላ አለቃ ሠራተኛውን ለማነጋገር ጊዜ ያጣል፤ እርስዎ ግን የአሥራ አንድ ሰው ደብተር ቁጭ ብለው አንብበዋል። ልጄ «ለሕፃናት በሚሄደው መድኃኒት ፈንታ የአዋቂውን ባወጣስ እያልሁ እፈራለሁ፤ ደግሜ የምቆጥረው ለዚህ ነው» ብላ ጽፋ ነበር። ይህን በስብሰባ አዳራሹ ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር አሳይተው፣ ከሥሩ «በራስ መተማመን የጎደለው፣ ሥራ የሚያጓትት» ብለው ጻፉበት። ስሟን ስለ ሸፈኑላት አመሰግናለሁ። የእጅ ጽሕፈቷን ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት በየካርቶኑ ላይ ያላየ ሰው በአዳራሹ አልነበረም። አንዱ ሾፌር ከኋላ ወንበር «ሁለቴ፣ ለካ ፈርተሽ ኖሯል» ሲል አዳራሹ በሙሉ ሳቀ፤ እርስዎም አብረው ሳቁ። ልጄ በዚያ ቀን ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ሦስተኛ፤ መድኃኒት የሚያወጣ ሰው ስሕተትን መፍራቱን ከበሽታ ቆጥረውታል። እኔ ከመጋዘንዎ በሚወጣ ክኒን የምኖር አሮጊት ነኝና፣ የማይፈራ ሰው እንዳያወጣልኝ እለምንዎታለሁ።

አራተኛው አጭር ነው። ከስብሰባው ወዲህ ለአሠልጣኙ እውነቱን የሚጽፍ አልተገኘም። ያቺ ረዳቷ እንኳ «ምንም ድክመት የለብኝም» ብላ ጽፋ ወጥታለች አሉ። ሠራተኛዎ በሙሉ በአንድ ሳምንት እንከን የለሽ ሆኖልዎታልና እንኳን ደስ አለዎት።

ጌታዬ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ፣ ብዙ የታሸገ ደብዳቤ በእጄ አልፏል። ሰው ሆዱን የሚገልጠው ላመነው ነው፤ የተገለጠለትን ይዞ ሰውን የሚወጋውን አደራ በላ ይሉታል። ከዚህ የለዘበ ቃል ለእርስዎ ብዬ ፈልጌ አጣሁ።

ልጄ አትፈርምም። እኔ አልመከርኋትም፤ ምን ልታደርግ እንዳሰበች ጠየቅኋትና ዝም ብዬ አዳመጥሁ። ሐሙስ ጠዋት በሁለት ሰዓት እንደ ወትሮዋ መጋዘኑ በር ላይ ትገኛለች። እርስዎም ደብተሯን በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሠራተኛ ፊት በእጅዎ ይመልሱላት።

ከዚያ ከፍታ ወርደው የአንዲት ጡረተኛ ወረቀት ለማንበብ ለደከሙት ድካም አስቀድሜ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለሥልጣንዎ ከሚገባው አክብሮት አንዲት ነጥብ ሳላጎድል ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

የሁለቴ እናት

ተጨማሪ፦ እርስዎም ከአሠልጣኙ ጋር ስድስት ጊዜ በር ዘግተው እንደ ተቀመጡ ሠራተኛው ሁሉ ያውቃል። አሠልጣኙ ልጄን ይቅርታ ሊጠይቅ መጥቶ ቤታችን ግማሽ ቀን ሲቀመጥ ስለ እርስዎ አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። የእርስዎ ደብተር ሳይነበብ የቀረው ቁልፍ ጠፍቶ እንዳይመስልዎ።