አንጮቴ በሰው አገር

አዮ፣ እናቴ፤

ከተለየሽን ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። ቡርቃ ጃቶ ያለው ቤታችን ደህና ነው። አልጋሽን ለአባ ሳሎን አወጣሁለት፤ በሩን እያየ ይተኛል። የጓሮው አቮካዶ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪሰበር አፈራ።

አባ ወድቆ የዳሌው አጥንት ተሰብሮ ነበር። አልገጥም ሲለው ሕንድ ይዤው ሄድኩ። እዚያ እንደደረስን ምግብ እምቢ አለ። ሩዙን ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ሐኪሙ አቅም ካላገኘ ቀዶ ሕክምናውን እንደማይደፍር ነገረኝ። ሸሚዙን ስቀይርለት የጎድን አጥንቱ እጄን ይቆረቁረኛል። ስትሞቺ «አባትሽን አደራ» ያልሽኝ ጆሮዬ ላይ ይጮህ ጀመር። በሰው አገር፣ በእጄ ላይ ሊያልፍ ነው ብዬ ውሎዬ ሁሉ ጭንቅ ሆነ።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ባረፍንበት ቤት የጋራ ኩሽና ውስጥ አንዲት ሴት በስልክ ኦሮምኛ ስታወራ ሰማሁ። ባሏን ልታሳክም የመጣች የጊምቢ ሰው ናት። የአባን ነገር ስነግራት ክፍሏ ገብታ ሦስት አንጮቴ፣ ያንን ከአፈር የሚቆፈር የአገራችንን ሥራሥር፣ በጋዜጣ ጠቅልላ አመጣችልኝ።

«ለባለቤቴ ነበር ያመጣሁት፤ ከትናንት ጀምሮ መዋጥ አቆመ። ለአባትሽ ይሁን» አለችኝ።

አይሆንም ለማለት አፌ አልታዘዘኝም። «ገለቶሚ» ብዬ አመሰገንኳት ብቻ። ይህ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ከነልጣጩ እንደምትቀቅዪው በድንጋጤ ረሳሁ። የመጀመሪያውን በጥሬው ልጬ ቀቀልኩትና ጣዕሙን ውኃ ወሰደው። የቀሩትን ሁለቱን እንዳንቺ ቀቅዬ፣ ልጬ፣ ከሻንጣዬ ባወጣሁት ቅቤና ሚጥሚጣ ለወስኳቸው። አንዲት ቁራሽ እንዳትወድቅብኝ ተጠነቀቅኩ፤ ሌላ የለማ።

አባ አሸተተው። አንዲቷን ቁራሽ ረጅም ጊዜ አኘካት። ሊተፋት ነው ብዬ መዳፌን ከአገጩ ሥር ዘረጋሁ። ዋጣትና «ጨው አነሰው» አለኝ።

ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ። ጨው ይዤ ስመለስ ሳህኑን ወደ ደረቱ ስቦ ይበላል።

ከዚያ ወዲያ ሩዙንም እያጉረመረመ ይቀምስ ጀመር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀዶ ሕክምናው ተደረገለት፤ አሁን በክራንች እስከ አጥሩ በር ይሄዳል። የጊምቢዋ ሴት ግን ባሏን በሬሳ ሳጥን ይዛ ተመለሰች። ለቅሶ ልደርሳት ሄጄ አንገቴን እንዳቀፈችኝ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «አባትሽስ፣ ይበላሉ?» ብላ ነው።

ፍርሃቱ አብሮኝ ተመልሷል፣ አዮ። ሲያስል እደነግጣለሁ፤ ምግቡን ሳይጨርስ ሲተው ሳህኑን ይዤ አጠገቡ እቀመጣለሁ። አንዳንዴ ከሳሎን ሆኖ በስምሽ ይጠራኛል። አላርመውም። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ ስምሽ ሲጠራ «አቤት» የሚል ከዚህ ቤት አይጠፋም።

ልጅሽ